ሙያ ከጎረቤት ወይስ ከዩቲዩብ? እስቲ እንከራከር

የአሌክሳንድሪያው_ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። ልጠይቅም ልከራከርም ነው የመጣሁት።

ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ብቻዬን። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ጎሚኒ መቀየር፣ የሸሚዝ ቁልፍ መትከል፣ የተደፈነ የእቃ ማጠቢያ መክፈት፣ ሁሉንም ከዩቲዩብ ነው የለመድኩት። አንዱም አላስቸገረኝም። ቪዲዮውን እያቆምኩ፣ ወደ ኋላ እየመለስኩ፣ ሰውዬው ያደረገውን አደርጋለሁ። አለቀ።

እንጀራ ላይ ስደርስ ግን ጀግንነቴ ሁሉ ገደል ገባ። ያላየሁት ቪዲዮ የለም። አንዷ «3 ቀን ይቡካ» ትላለች። ሌላዋ «በአንድ ሌሊት ይደርሳል» ትላለች። ሌላዋ ደግሞ እርሾውን ትታ አምቦ ውሃ ትጨምርበታለች። መጨረሻ ላይ ግን ሁሉም ዓይኑ ጥርት ያለ እንጀራ ያወጣሉ። የኔ ዓይን የለውም። ቂጣ ነው።

ስለዚህ አቋሜ ይኸው፦ ብሎን ያለው ነገር ሁሉ ከቪዲዮ ይለመዳል። ሊጥ ያለው ነገር አይለመድም። «ሙያ ከጎረቤት» ያሉት ወደው አይደለም። የኔ ጎረቤት ደግሞ የኤል ሳልቫዶር ሰው ነው። ስለ ፑፑሳ፣ ማለት ውስጡ የተሞላ የበቆሎ ቂጣቸው፣ ከሆነ ያስተምረኛል።

ዜድ_ሰሚት

አልስማማም። እኔ ኬክ የለመድኩት ሙሉ በሙሉ ከስልክ ነው። ዛሬ የልደት ትእዛዝ እቀበላለሁ። ሊጥም ከቪዲዮ ይለመዳል፣ ግን ቪዲዮው የማይነግርሽን ነገር ማወቅ አለብሽ። (ለሴት መጻፍ ለምዶብኝ ነው «አለብሽ» ያልኩት፣ ወንድሜ ይቅርታ።)

መጀመሪያ አካባቢ የማያቸው ቪዲዮዎች የአሜሪካና የአረብ ነበሩ። ልክ እንዳሉት እሠራለሁ። ኬኩ ኦቨን ውስጥ ፊኛ ያክላል፣ ከዚያ መሃሉ ዝቅ ብሎ ጎድጓዳ ሳህን ይሆናል። እንቁላሉን አማሁ፣ ዱቄቱን አማሁ፣ መብራት ኃይልንም አማሁ። ለካ ጉዳዩ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ ኬኩን በቶሎ ይነፋዋል። ዱቄቱና እንቁላሉ ገና ሳይጸኑ ይነሳና ይወድቃል።

መፍትሄው ከባድ አይደለም። ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነስ፣ ወተቱን ወይም ውሃውን ጨመር፣ የኦቨኑን ሙቀት ትንሽ ከፍ። ስኳሩም ትንሽ ቢቀንስ ይጠቅማል።

ሌላው የልኬት ነገር ነው። «አንድ ኩባያ» ሲሉ 240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የአሜሪካ መለኪያ ነው። የኛ የሻይ ብርጭቆ ከዚያ በጣም ያንሳል። «350» ሲሉ ፋራናይት ነው፣ በኛ 175 ወይም 180 ገደማ። ጓደኛዬ 350ን እንዳለ ልታደርግ ብላ ማዞሪያው ላይ ቁጥሩን ብታጣ፣ እስከ መጨረሻው አዞረችው። ጭስ ያየ ጎረቤት ነው በር ያንኳኳው።

ማሚቱ_ደንቨር

ዜድ ልክ ነሽ! እኔ ያለሁበት ደንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት። እዚህ የዱቄት ካርቶን ላይ ሳይቀር ለከፍታ ቦታ የሚሆን አሠራር ይጻፋል። የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲም ለከፍታ መጋገር የሚሆን መመሪያ ለሕዝብ ያወጣል። ፈልጊው፣ አዲስ አበባ ላይም ይሠራል፣ እንዲያውም እናንተ ከኛ ትብሳላችሁ።

አንድ ልጨምር። ከፍ ባለ ቦታ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ አይደለም። እኛ ጋ 95፣ እናንተ ጋ 92 ገደማ ነው። ስለዚህ ለንደን የተቀረጸ ቪዲዮ «ሽምብራውን ይህን ያህል ደቂቃ ቀቅሉ» ቢል አዲስ አበባ ላይ ጥርስ ይሰብራል። እሳት መጨመርም አይረዳም፣ ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም። ፕሬዠር ኩከር ነው የሚያዋጣው።

እና የአሌክሳንድሪያው ልጅ፣ ብሎንና ሊጥ ብለህ ከምትከፍለው ይልቅ ቪዲዮው የት እንደተቀረጸ ብትጠይቅ ይሻላል። ማን ቤት፣ በምን ምጣድ፣ በምን ዱቄት?

ባለ_ካቻቪቴው

«ብሎን ያለው ነገር ሁሉ ከቪዲዮ ይለመዳል» ላልከው ወንድሜ፣ እባክህ ይህን አባባል መብራት ላይ አታድርሰው። ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው። ቪዲዮ አይተው ከነካኩት በኋላ ከሚጠሩኝ ሰዎች ነው ግማሹ እንጀራዬ።

የእህቴን ጥያቄ ልዋስ። ቪዲዮው የት ተቀረጸ? አሜሪካ ከሆነ መብራት የተሸከመው ጥቁሩ ገመድ ነው። ነጩ ኒውትራል (መላሹ)፣ አረንጓዴው ወይም እርቃኑን ያለው መዳብ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርደው)። በአሁኑ የአውሮፓ አሠራር መብራት የተሸከመው ቡናማው ነው። ሰማያዊው ኒውትራል፣ ቢጫና አረንጓዴ መስመር ያለበት ግራውንድ። በድሮው የእንግሊዝ አሠራር ደግሞ ቀዩ ነበር መብራት ያለበት፣ ጥቁሩ ኒውትራል። አያችሁ? አንዱ አገር የሚገድለው ጥቁር፣ ሌላው አገር ኒውትራል ነው።

የኛ ሰፈር ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው። ያረጀ ቤት ግድግዳ ውስጥ የሚገኘው የተገኘው ቀለም ነው። የዚያን ዕለት በእጁ የነበረውን ጥቅልል ነው ሰውዬው የጎተተው። ስለዚህ ቀለም አትመኑ። ብሬከሩን አጥፉ፣ በቴስተር ንኩ። ቴስተሩንም መጀመሪያ መብራት እንዳለበት በምታውቁት ሶኬት ላይ ሞክሩት፣ የሞተ ቴስተር ሁሉም ቦታ «መብራት የለም» ይላል።

አሁን ወደ ምጣድ ልምጣ። ቲክቶክ ላይ የተበጠሰ የምጣድ ሽቦ ጠምዝዘው የሚቀጥሉ ሞልተዋል። ቪዲዮው ላይ ሽቦው ፍም መስሎ ይቀላል፣ ሰውዬው አውራ ጣቱን ያነሳል፣ ያልቃል። ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ግን አያሳያችሁም። የተጠመዘዘው ቦታ ከሌላው በላይ ስለሚግል እዚያው ይበጠሳል። ሽቦው በተቆረጠና ባጠረ ቁጥር ደግሞ የሚስበው ከረንት ይጨምራል። ምጣድ ድሮም ቀላል እቃ አይደለም። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ይህን በቀጭን ኤክስቴንሽን ሰክታችሁ ከጋገራችሁ ገመዱን በእጃችሁ ዳስሱት። ሞቅ ካለ አቁሙ። ሶኬቱ ጥግ ላይ ቡኒ ብሎ ከሆነ አትጠቀሙበት።

አዲስ ሽቦ ግዙ፣ ከምጣዱ ጋር የሚሄድ። ርካሽ ነው።

ዳኒ_ፒያሳ

ባለ ካቻቪቴው፣ ሥራ እንዳይቀርብህ ነው ይሄ ሁሉ ማስፈራሪያ 😂

ባለ_ካቻቪቴው

ዳኒ፣ እንዲያውም ቪዲዮ እያያችሁ ንኩት፣ ሥራ የሚበዛልኝ ያኔ ነው። እኔ የምፈራው ከነካችሁት በኋላ ስልክ የምትደውሉበት እጅ እንዳይጠፋ ነው።

ገብሬ_ስቶክሆልም

እዚህ ስዊድን የቤት ቋሚ የመብራት መስመር መሥራት የሚፈቀደው ለተመዘገበ ድርጅት ነው። እንደ ማብሪያ ማጥፊያ መቀየር ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ብቻ ናቸው ለነዋሪው የሚተዉት፣ እሱም የሚያውቅ ከሆነ። ስለዚህ ውጭ አገር ያላችሁ፣ ቪዲዮው ትክክል ቢሆንም እናንተ ባላችሁበት ሕጉ ይፈቅዳል ወይ የሚለውን ተመልከቱ።

ብስክሌት ግን ሙሉ በሙሉ ከዩቲዩብ ነው የለመድኩት። የተነፈሰ ካላማዳሪ መለጠፍ የትም አገር አንድ ነው።

ናፍቆት_ጅዳ

ሰላም ለሁላችሁ። የዩቲዩብ ተማሪ ማለት እኔ ነኝ።

ከቤት ስወጣ የማውቀው ሽሮና ቡና ማፍላት ነው። እዚህ የመጣሁበት ቤት ደግሞ ካብሳ፣ ሳምቡሳ፣ ሾርባ፣ ጣፋጩ ብቻ ዓይነቱ ብዙ። ማዳም ታሳየኛለች፣ ግን አንዴ ነው፣ በፍጥነት ነው፣ በአረብኛ ነው። ደግማችሁ ብትጠይቁ ፊቷ ይጠቁራል። ስልክ ግን አይሰለችም። ማታ ሥራ ሲያልቅ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ያንኑ ቪዲዮ እደጋግመዋለሁ።

አንድ ምክር ልስጣችሁ። እኔ የአማርኛውን ትቼ የአረብኛውን ነው የማየው። ሴትዮዋ «በሰል» ስትል ሽንኩርቱን ታነሳለች። «ሚልህ» ስትል ጨው ትበትናለች። «ሸዋይ ሸዋይ» ስትል እሳቱን ታቀዘቅዛለች። ቃሉም ሙያውም አንድ ላይ ይገባል። ማእድ ቤት ውስጥ የሚያስፈልገኝን አረብኛ የለመድኩት እንዲህ ነው። የቀረውን ከሱቅ ነው።

ካብሳ ላይ ቪዲዮ የሚዘለው ነገር የደረቀውን ሎሚ ነው። ሉሚ ይሉታል። እንዳለ ከጨመራችሁት ምንም አይሰጥም፣ በሹካ ወጋ ወጋ ማድረግ አለባችሁ። ሩዙንም አስቀድማችሁ ዘፍዝፉት። ይህን ያገኘሁት ከቪዲዮው ሳይሆን ከሥሩ ከተጻፉት አስተያየቶች ነው። አስተያየት ሳታነቡ ምንም አትሞክሩ።

ዜድ_ሰሚት

ናፍቆት እውነትሽን ነው። በተለይ ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2021 «አልወደድኩትም» የሚለውን ቁጥር ከደበቀ በኋላ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ከባድ ሆኗል። ድሮ ገና ስትከፍቺው ነበር የሚታወቀው። አሁን አስተያየቱን በአዲሱ ቅደም ተከተል አድርገሽ «ሞክሬው አልሆነልኝም» የሚል ካለ መፈለግ ነው። «ዋው እጅሽ ይባረክ» የሚለውን ዝለይው። ያ ሰው ገና አልሞከረም።

የኛዎቹ አቅራቢዎች ደግሞ እባካችሁ! ሰብስክራይብ፣ ላይክ፣ ሼር፣ ደውሏን ተጫኗት፣ የቤተሰብ ሰላምታ... ሽንኩርቱ እስኪከተፍ ፓኬጄ ያልቃል።

ጋሽ_መርፌ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሐዋሳ። ወጣቶች ሱሪ ማሳጠርን ከስልክ ለምደው ይመጣሉ፣ ጥሩ ነው፣ አልጠላም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በፊት ካሜራ የተቀረጸ ቪዲዮ ብዙ ጊዜ እንደ መስታወት ግራውን ቀኝ ያደርገዋል። ክራቫት፣ ሹሩባ፣ ዳንቴል፣ እንዲህ ያለው ላይ ሰው ይደናገራል። ብሎን ማጥበቅም ቢሆን በቪዲዮው ወደ ግራ ሲዞር ልታዩት ትችላላችሁ። መለየት ከፈለጋችሁ ከሰውዬው ጀርባ ወይም ከልብሱ ላይ ጽሑፍ ፈልጉ። ፊደሉ ተገልብጦ ከሆነ ሁሉም ተገልብጧል።

ሱሪ ስታሳጥሩ ደግሞ ቪዲዮው «ለኩ፣ ቁረጡ» ይላል። እኔ የምላችሁ እጠቡት፣ ተኩሱት፣ ከዚያ ለኩ። ጥጥ ከሆነ ይገባል። ባለቤቱ በሚያደርገው ጫማ አቁማችሁ ለኩ። የተቆረጠ ጨርቅ አይቀጠልም።

የቢሾፍቱዋ_እናት

ልጄ የአሌክሳንድሪያው፣ ይህን ሁሉ ወሬ ሳነብ ቆየሁ። ማንም ስለ እንጀራህ አልጠየቀህም። አሁን መልስልኝ።

ዱቄቱ ምንድነው? ጤፍ ብቻ ነው ወይስ ቅልቅል? ስንት ቀን አደረ? ከላይ የተንሳፈፈውን ውሃ አጠለልከው? አብሲት ጥለሃል? ምጣዱ ምንድነው? መቼ ነው የምትከድነው?

የአሌክሳንድሪያው_ልጅ

እማማ እግዜር ይስጥልኝ። ግማሽ ጤፍ፣ ግማሽ የስንዴ ዱቄት ነው። የአንድ ሌሊቱን ቪዲዮ ነው የተከተልኩት። ውሃ አላጠለልኩም፣ አብሲትም አያስፈልግም ብላለች። ምጣዱ እዚህ ብዙ አበሻ የሚጠቀምበት ነው፣ ኖርዌጂያኖች ለፍሰ የሚባል ቂጣቸውን የሚጋግሩበት፣ አይዋ ውስጥ የሚሠራው የቤታኒ ምጣድ። እስከ 500 ፋራናይት ይሄዳል። ሊጡን እንዳፈሰስኩ ወዲያው እከድናለሁ።

ማሚቱ_ደንቨር

ቆይ ቆይ። የስንዴው ዱቄት ላይ «ሰልፍ ራይዚንግ» የሚል አለበት?

የአሌክሳንድሪያው_ልጅ

የለበትም። ተራው ነው። እሷም «ዱቄት» ነው ያለችው።

ማሚቱ_ደንቨር

ተገኘ! እዚህ አሜሪካ በአንድ ሌሊት የሚጋግሩት ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ሰልፍ ራይዚንጉን ነው። ቤኪንግ ፓውደርና ጨው ተቀላቅሎበት የሚሸጥ ዱቄት ነው። ዓይኑን የሚያወጣላቸው ቤኪንግ ፓውደሩ ነው እንጂ የአንድ ሌሊት ቡኮ አይደለም። ለእሷ «ዱቄት» ማለት ያ ብቻ ስለሆነ ስሙን መጥራት ትዝ አላላትም።

የቢሾፍቱዋ_እናት

ልጄ፣ በዱቄቱ እሷ ትርዳህ። እኔ የማውቀውን ልንገርህ።

ሊጡ 2 ወይም 3 ቀን ይደር። ቤትህ ቀዝቃዛ ከሆነ ይጨመርለት። ቀኑን አትቁጠር፣ አሽትተው። ኮምጠጥ ያለ ሽታ ሲመጣና ከላይ ውሃ ሲያቀር ውሃውን አጥልለው። ከዚያ ከሊጡ አንድ ጭልፋ ውሰድ፣ በሚፈላ ውሃ ላይ እያማሰልክ ጨምረው፣ እንደ ሙቅ እስኪወፍር አብስለው። አብሲት ይኸው ነው። ለብ ሲል መልስበት። ትኩሱን ከመለስከው እርሾውን ትገድለዋለህ። ከዚያ ተወው፣ ኩፍ ይበል። ፊቱ ላይ ፊኛ ፊኛ ሲያወጣ ያኔ ጋግር።

ስታፈስ ከዳር ጀምረህ እያዞርክ ወደ መሃል። አትከድን! ዓይኑ ፊቱን ሲሞላው፣ ፊቱ ላይ የነበረው ውሃ መጥፋት ሲጀምር ያኔ ክደን። አንተ ወዲያው ስትከድነው እንፋሎቱ ተመልሶ ዓይኑን ይደፍነዋል። ዓይን ካላወጣ ወይ ሊጡ ወፍሯል፣ ወይ ምጣዱ አልጋለም። አንድ ጠብታ ጣል፣ ቶሎ ዓይን ካወጣ ምጣዱ ደርሷል።

ልጆቼ ቪዲዮ አትዩ አልልም። ግን ሊጥ ሲደርስ ያለውን ሽታ ማን ይቀርጸዋል?

ዳኒ_ፒያሳ

እማማ እኔንም ጉዲፈቻ ይውሰዱኝ።

የአሌክሳንድሪያው_ልጅ

ለመረጃ ያህል ተመለስኩ። ጤፉን ብቻውን አቡክቼ፣ አብሲት ጥዬ፣ ሳልከድን ጠበቅሁ። ዓይን አወጣ! ፎቶ ልኬያለሁ፣ እዩልኝ። ጎረቤቴም በፑፑሳ ቀይሮኛል።

ችግሩ ግን ሌላ መጣ። እንደወጣ ደራርቤ አስቀመጥኩት። ስገልጠው ሁሉም ተጣብቆ አንድ ትልቅ እንጀራ ሆኗል። አሁን ፍርፍር ነው የሚሆነው።

የቢሾፍቱዋ_እናት

ተመስገን! ዓይኑ መልካም ነው፣ ዳር ዳሩ ትንሽ ወፍሯል። ሳይበርድ ደርበኸዋል። እያንዳንዱን ሰፌድ ላይ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርጋ፣ እንፋሎቱ ይውጣ፣ ሲበርድ ደርበው። ቪዲዮው የመጀመሪያዋን እንጀራ አንስቶ ያቆማል፣ ሌማቱ ጋ አይደርስም።

ፍርፍሩን ቅቤ አትንፈገው።

ዳኒ_ፒያሳ

እኔም ጥያቄ አለኝ። ባለ ካቻቪቴው፣ ፍሪጄ አያቀዘቅዝም። ጋዝ ራስህ ሙላ የሚል ቪዲዮ አግኝቻለሁ። ልሞክር?

ባለ_ካቻቪቴው

አትሞክር። አሁን የሚወጡ ብዙ ፍሪጆች ውስጥ ያለው ጋዝ የሚቀጣጠል ነው፣ ከማብሰያ ጋዝ ቤተሰብ። ሌላው ቢቀር ጋዝ በራሱ አያልቅም፣ አነሰ ማለት የሚወጣበት ቀዳዳ አለ።

መጀመሪያ ነፃውን ምርመራ አድርግ። ወረቀት በሩ ላይ አድርገህ ዝጋው፣ ከዚያ ሳብ። ጎትቶ ከያዘው ጎሚኒው ደህና ነው። ዝም ብሎ ከወጣ ብርዱ የሚያመልጠው በዚያ ነው። የበሩን ዙሪያ ሁሉ እንዲህ ሞክር። ከጀርባው ያለውን አቧራም ጥረግ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርገው።

ዳኒ_ፒያሳ

ወረቀቱን ሳልስበው ወደቀ።

ባለ_ካቻቪቴው

ጎሚኒ ግዛ። የድሮውን ይዘህ ሂድ፣ ልኩን እንዳትስት። እሱን ከቪዲዮ መቀየር ትችላለህ፣ ፈቅጄልሃለሁ።